ሳይጠራ የተጠራ ውሃ

እናትህ ትናንት ከቅዳሴ ስትመለስ ጎራ ብላ ምሥራቹን ነገረችኝ። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው የአገልግሎት ውሃ መስመር ሊታደስ ነው፤ ሥራውም ላንተ ተሰጥቷል አለችኝ። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በዚያ ሥራ ነው ያሸበቱት፤ እባክዎ ልጄን ይምከሩልኝ» አለች። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። እኔን ቀድሞ የመከረኝ መከራው ነው። አንተ ገና በምክሩ ጊዜ ላይ ነህና ቁጭ በል። ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጋው። ንድፉን ኋላ አብረን እናየዋለን።

መጀመሪያ ነገር፣ ሥራህን አትናቀው። ሪባን የሚቆረጠው ለትልልቁ ገንዳ ነው፤ ለዚህ መስመር ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም። ብዙ ሰው የግቢ ማጠቢያ ጎማ አድርጎ ነው የሚያስበው። ግን አንድ ቀን ይቁምና እየው። ወንፊቱ ይደፈናል፣ የዝቃጭ መጭመቂያው ጨርቅ ይዘጋል፣ አረፋው ከገንዳው ይገነፍላል፣ የፓምፑ ሲል (ማሸጊያው) ደርቆ ይቃጠላል። ከተማው ታጥቦ የለቀቀው ውሃ ጣቢያውን ዞሮ፣ ቆሻሻው ተለይቶለት፣ ወንዝ ሊገባ ሲል ጥቂቱን በፓምፕ መልሰህ ይህ ሁሉ እንዳይደርስ ታሠራዋለህ፤ የአገልግሎት ውሃ የሚባለው እሱ ነው። ክሎሪን ትበጠብጥበታለህ፤ ሣርም ታጠጣበታለህ። ከነዚህ ሥራዎች አንዱም የመጠጥ ውሃ አይጠይቅም።

መስመሩ ሲደክም ግን ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ሥራው መቆም የለበትምና የመጠጥ ውሃውን ቧንቧ ይከፍታል። እስቲ አብረን እንቁጠር። አንዲት ጎማ በሰከንድ 1 ሊትር ብታፈስ፣ ተከፍታ ከዋለችና ካደረች 86,400 ሊትር ነው። በቢጫዋ የ20 ሊትር ጄሪካን 4,320 ጄሪካን ማለት ነው። እናትህ በፈረቃ የሚመጣውን ውሃ ልታጠራቅም ሌሊት ስትነሳ አይተሃል። ከለገዳዲና ከድሬ ግድብ ተጣርቶ፣ ከአቃቂ ጉድጓድ በኤሌክትሪክ ተገፍቶ የመጣ ውሃ ነው፤ እሱን ይዘን ወንፊት እናጥብበት? በደጃፉ ወንዝ የሚያህል ውሃ እያለፈ ጣቢያው የቧንቧ ውሃ ሲጠብቅ፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ለሱ ነው።

የቃሊቲን ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ተመልከት። የድሮው የኩሬ ጣቢያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደ ነበር። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተሠራው አዲሱ የታቀደው ለ100,000 ሜትር ኩብ ነው። እንዲህ ያለ ጣቢያ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ፣ ከሚለቀው ውሃ ከመቶ አንዱ ብቻ ለአገልግሎት ቢመለስ በቀን 1 ሚሊዮን ሊትር ነው። 50,000 ጄሪካን! ሥራህ ትንሽ ነው ያለህ ሰው ካለ ይህን ቁጠርለት።

እንግዲህ ወደ ምክሩ ልግባ።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ፓምፕ ከመምረጥህ በፊት ለካ። የዓመቱን ፍጆታ ለ365 አካፍለህ «በቀን ይህን ያህል ነው» ብትል ወረቀቱ ያምርልሃል፤ ግቢው ግን በአማካይ አይኖርም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀየር ሁሉም ጎማ ባንድ ላይ ይከፈታል። ያን ጊዜ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው እጁ ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ብቻ ያገኛል። በሌላ በኩል ሌሊት ከተማው ሲተኛ ፍሳሹም አብሮ ይተኛል። መጭመቂያውን ሌሊት የሚያሠራ አለቃ ካለ ውሃው በሚያንስበት ሰዓት ብዙ ይፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ በየቅርንጫፉ ቆጣሪ ግጠም፤ በበጋም በክረምትም አንብበው። የማጠራቀሚያህ ልክ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ቆጣሪው የማይነግርህን ደግሞ ፓምፒስቱን ጠይቀው። «ከባለቤት በላይ ያወቀ ቡዳ ነው።» የትኛው ቫልቭ ዞሮ ዞሮ እንደማይዘጋ፣ የትኛው መስመር በየክረምቱ እንደሚፈነዳ፣ የትኛው ቧንቧ በንድፉ ላይ ተሥሎ መሬት ውስጥ እንደሌለ የሚያውቀው እሱ ነው። ባልተቀበረ ቧንቧ ላይ ያቀደ መሐንዲስ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳለው ሰው ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ቱታ ለብሰህ ከነሱ ጋር ግባ። ምሳቸውንም አብረህ ብላ። ዲግሪህ አይቀንስም።

ቀጥሎ ውሃውን ስለ ማዘጋጀት። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለው ተረት ለኛ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። ውሃው ሸተተ፣ ጎማው አረንጓዴ አበቀለ ሲባል የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንጊዜም «ክሎሪን ጨምሩ» ነው። ክሎሪን ግን መጀመሪያ የሚያገኘውን ነው የሚበላው። ውሃው አሞኒያና ያልሰከነ ዝቃጭ ይዞ ከመጣ ጉልበቱ እዚያ ያልቃል፤ ለተህዋሲያኑ የሚተርፈው ደካማው ነው። የአልትራቫዮሌት መብራት ልጠቀም ብትልም ያው ነው። መብራት የሚገድለው ያየውን ነው፤ ብናኝ ጥላ ከሆነለት ጀርሙ ከጥላው ሥር ተጠልሎ ያልፋል። ደግሞም መብራቱ ያለፈውን ውሃ አይከተለውም፤ ቧንቧው ውስጥ ዝልግልጉ እንደገና ያድጋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዝ፤ መጀመሪያ አጣራ፣ ቀጥለህ ግደል፣ በመጨረሻም ለመንገዱ የምትበቃ ጥቂት ክሎሪን ስንቅ አስይዘው። ስንቁ መድረሱን የምትለካው ክሎሪኑ ከሚገባበት ቦታ አይደለም። መጨረሻ ካለው ቧንቧ ቅዳ።

የማትጠብቀው ጠላትም አለ፤ ቀንድ አውጣ። ውሃው በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ ላይ እየተንጠባጠበ የሚጣራበት ጣቢያ ከሆነ ቀንድ አውጣው እዚያ ቤት ሠርቶ ይራባል። ቅርፊቱ ከውሃው ጋር ወርዶ የፓምፑን ክንፍ ይፍቃል፣ የመርጫውን ቀዳዳ ይደፍናል። በእጅ የሚታጠብ ወንፊት ካስቀመጥክ ሠራተኛው ሦስት ቀን ያጥበዋል፤ በአራተኛው ቀን ይሰለቸውና አውጥቶ ይጥለዋል። አልፈርድበትም። ራሱን የሚያጥብ ወንፊት ግጠም። እሱ ሲታጠብ ውሃው የሚያልፍበት ተለዋጭ ወንፊትም አብጅለት።

ስለ ወስፋት እንቁላልም ልንገርህ፤ ወጣቶቹ ይረሱታል። ክሎሪን ለሱ ምኑም አይደለም። የድሮዎቹ ኩሬዎች መሬት ይበላሉ፣ ይሸታሉ ተብለው ተንቀዋል፤ ግን አንድ ጸጋ ነበራቸው፣ ትዕግሥት። ውሃው ብዙ ቀን ፀሐይ እየመታው ይተኛል፣ እንቁላሉም ከታች ይዘቅጣል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው ውሃውም እያደር ይጠራ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ያንኑ ውሃ በሰዓታት ያሳልፈዋል። እኔ ማሽን አልጠላም። ግን ከኩሬው የወሰድክበትን ጊዜ በአሸዋ ወይም በጨርቅ ማጣሪያ ካልከፈልከው ዕዳው ሰላጣ በሚበላ ሕፃን ሆድ ውስጥ ይወጣል።

ወደ ፓምፑ ልምጣ። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት።» አንድ ትልቅ ፓምፕ ገዝተህ አትተኛ። ሁለት ይሁኑ፤ ከሁለቱ አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራውን ይሸከም። ለሌሊቱና ለእሑዱ ትንሽ ፓምፕ ለብቻው ይኑር፤ ለአንድ ጎማ ብሎ ትልቁን ማስነሳት ዝንብን በመዶሻ ማባረር ነው። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኢንቨርተር ግጠምበት። የምትገፋው ከፍታ ብዙ ካልሆነ፣ የፓምፑ ፍጥነት ወደ 80 ከመቶ ሲወርድ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፍጥነቱ በጥቂቱ ሲቀንስ ኃይሉ በኩብ ነው የሚቀንሰው። ይህን ሒሳብ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ለፋይናንስ ኃላፊው ግን በብር ቀይረህ አሳየው።

ዕቃ ስትመርጥም ካታሎግ አያታልልህ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ።» አንዲት ካርድ ተቃጥላ፣ ዶላር ተጠይቆ፣ ወረፋ ተጠብቆ፣ ዕቃው ጉምሩክ ሲደርስ ክረምቱ አልፎ ያገኘናቸው ማሽኖች ነበሩ። ላስቲክ ለብሰው የቆሙ፣ አንድ ቀን በወጉ ያልሠሩ። እንዲህ ያለው እድሳት «ከእጅ አይሻል ዶማ» ነው። ሲሉን፣ ጋስኬቱን፣ ቤሪንጉን እዚህ ከተማ ገበያ ላይ ታገኘዋለህ? ካላገኘህ የጥቂት ዓመት መለዋወጫ በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሠራተኛውም ሲገጠም አጠገቡ ቆሞ ይማር። አሮጌውን መስመር ደግሞ አዲሱ አንድ ክረምት ሳይፈተን አታፍርሰው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ይህን ለብዙ ሰው ነግሬው አላውቅም።

ወጣት ፎርማን ሳለሁ በምሠራበት ጣቢያ የአገልግሎት ውሃው መስመር ከመጠጥ ውሃው ጋር አንድ ዓይነት የብረት ቧንቧ፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ቧንቧ መክፈቻ ነበረው። የሚለያቸው ነገር አንዲት ቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈች «አይጠጣም» የምትል ምልክት ብቻ ነበረች። አንድ ጊዜ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ግቢው ተጠረገ፣ ግንዱ ኖራ ተቀባ። ያቺ ቆርቆሮ ዝጋ ታስጠላ ነበር፤ ነቅዬ ያነሳኋት እኔ ነኝ። እንግዶቹ መጡ። ውሃውን በብርጭቆ ቀድቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁና «ተመልከቱ፣ እንደ ምንጭ ጠርቷል» አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቆርቆሮዋን መልሼ ለመትከል «ነገ» አልኩ።

ነገ ሳይደርስ፣ ዝቃጭ ሲያወጣ የዋለ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠምቶት ከዚያ ቧንቧ ጎንበስ ብሎ በእጁ ጠጣ። ሳምንት ሙሉ ታመመ። እግዜር ይመስገን ዳነ። ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ ብርቱካን ይዤ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ጠርቷል ሲሉ ሰምቼ ነው እኮ» አለኝ። ብርቱካኑን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላስታውስም። ቆርቆሮዋ ብትኖርም ኖሮ ማንበብ እንደማይችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ልጄ፣ ያ ውሃ ሳይጠራ ተጠራ። ሰሙንም ወርቁንም አንተ ፍታው። በዓይን መጥራትና ለአፍ መጥራት ይለያያሉ። ውሃ ደግሞ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ለወንፊቱ በቂ ሆኖ የጠራውን ውሃ እኔ ለጉሮሮ በቂ በሚመስል ስም ጠራሁት። ያንተም እድሳት ከማሽኑ በላይ በዚህ ይመዘናል፤ ሁለቱ ውሃዎች በምንም መንገድ፣ በማንም ቸልታ፣ በማንም ኩራት ሊምታቱ አይገባም።

እንዴት? ቀለሙን ለየው። በአሜሪካ እንዲህ ያለው ውሃ የሚሄድበት ቧንቧ ሐምራዊ ነው፤ አንተም አንድ ቀለም ምረጥና ከፓምፑ እስከ መጨረሻው ጎማ አትቀይረው። የመጠጡ መክፈቻ በሱ ላይ እንዳይገባ የማያያዣውን ልክ ለየው። ምልክቱን በጽሑፍ ብቻ አታድርገው፤ ብርጭቆ ሥለህ በላዩ መስመር አጋድምበት፤ ፊደል ያልቆጠረም ያነብበዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሠራተኛው ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ከሥራው አጠገብ አቅርብለት። የተጠማ ሰው ምልክት አያነብም።

ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ቦታም አለ። የአገልግሎት ውሃው ሲያንስ ከከተማው መስመር ማጠራቀሚያውን መሙላት ትፈልጋለህ። እዚህ ላይ አንድ ቫልቭ ገጥመህ «ተዘግቷል» አትበለኝ። «በሯን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ ትላለች» ተብሏል፤ ቫልቭ ደግሞ የማይዘጋ በር ነው፤ ላስቲኩ ይበላል፣ ሰው ይረሳል፣ የከተማው ግፊት አንድ ሌሊት ይወድቅና ያንተ ፓምፕ ወደ ከተማው ይገፋል። በመካከላቸው አየር አስገባ። የመጠጡ ቧንቧ አፍ ከገንዳው ከፍተኛ የውሃ ጠርዝ በላይ ቢያንስ የራሱን ስፋት እጥፍ ያህል ተንጠልጥሎ ያፍስስ፤ ቧንቧው 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ክፍተቱ 100 ሚሊ ሜትር። ውሃ አየር ዘልሎ ወደ ላይ አይወጣም። ከዚህ የረከሰ፣ ከዚህም የታመነ መሣሪያ የለም።

«ብልህ ከጎረቤቱ ይማራል» ነውና ከሩቅ ጎረቤት ልጥቀስልህ። በኔዘርላንድስ ዩትሬክት ከተማ አጠገብ ሌይድሸ ራይን በተባለ አዲስ ሰፈር ለየቤቱ ሁለት መስመር ዘርግተው ነበር፤ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው በከፊል የታከመ የወንዝ ውሃ ለመጸዳጃና ለልብስ ማጠቢያ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለቱ መስመሮች ባንድ ቦታ ተገናኝተው ቀሩና የሰፈሩ ሰው በሆድ በሽታ ታመመ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥታቸው እንዲህ ያለውን የቤት ለቤት ሁለተኛ ውሃ በሰፊው መዘርጋት አስቆመ። ሥርዓት ያለው አገር፣ የተማረ ሰው፣ ጥሩ ቧንቧ፤ አንዲት ግንኙነት ግን የዓመታት ሥራ አፈረሰች። ስለዚህ በየዓመቱ የመጠጡን መስመር ዘግተህ የአገልግሎቱን ክፈት፣ ከዚያም ገልብጠው፤ ከማይገባው ቧንቧ ውሃ ከወጣ መስመሩ ተጋብቷል።

አንድ ቀን ደግሞ ውሃውን ከአጥር ውጪ አውጣ ትባላለህ። ለወንዝ ዳርቻ መናፈሻ፣ ለመንገድ ሥራ አቧራ ማጥፊያ፣ ለአትክልት ይሰጥ ይሉሃል። መልካም ሐሳብ ነው። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያመርቱት ሰዎች ዛሬም የሚያጠጡት ከነቆሻሻው በሚወርደው ወንዝ ነው፤ የተጣራ ውሃ ቢያገኙ ለነሱም ለሚበላውም በጎ ነው። ግን መለኪያውን ያዝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ለጥሬ ለሚበላ አትክልት ያወጣው ልክ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ1,000 ያልበለጠ የሰገራ ባክቴሪያ፣ በ1 ሊትር ውስጥ ከ1 ያልበለጠ የትል እንቁላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሸክሙን ለብዙዎች አከፋፈለው፤ ማጣሪያው የራሱን ያህል፣ ገበሬው ቅጠሉን ሳይነካ ሥሩን በማጠጣት፣ ከመሰብሰቡ በፊት ማጠጣቱን በማቆም፣ የቤት እመቤትም በማጠብ።

አንተ ልታጠራው የማትችለውም አለ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም በወንፊትህም በመብራትህም አይያዝም፤ ወይ ከዝቃጩ ጋር ይቀራል ወይ ከውሃው ጋር ይሄዳል። «ከጥሩ ምንጭ ጥሩ ውሃ ይቀዳል።» ናሚቢያ ውስጥ ዊንድሁክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የታከመ ፍሳሽ አጥርታ ለመጠጥ ታውላለች። እሱ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ወጪ ነው፤ ለኛ ግቢ አላወራውም። ግን ከነሱ የምወስደው አንድ ነገር አለ፤ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከቤቱ ፍሳሽ ለይተው ነው የሚጀምሩት። ወገኖቻችን በሚኖሩባት እስራኤልም ከከተማ ፍሳሽ ወደ 90 ከመቶ የሚሆነው ተጣርቶ እርሻ ያለማል፤ ይህም በአንድ ፕሮጀክት የመጣ ሳይሆን የአሥርት ዓመታት ሥራ ነው። የአቃቂ ሜዳ መረሬ አፈር ደግሞ ሶዲየም ሲበዛበት ያብጥና ውሃ አላስገባም ይላል፤ ጨውን የሚለካ ላቦራቶሪ ሳትይዝ ለገበሬ ቃል አትግባ።

እንግዲህ ልቋጭ። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት።» ለዚህ ውሃ ስም የምታወጣለት አንተ ነህ። ቆሻሻ ብለህ ካዋረድከው ማንም አይነካውም፤ የመጠጥ ውሃ ባክኖ ይቀራል። ንጹሕ ብለህ ካሞገስከው አንዱ ጎንበስ ብሎ ይጠጣዋል። የሥራ ውሃ ነው በለው፤ ለሥራው ንጹሕ፣ ለአፍ ያልሆነ። የምረቃው ቀን አንድ ትልቅ ሰው በካሜራ ፊት ብርጭቆ አንሥቶ «ይጠጣል አይደል?» ይልሃል። ሁሉም ዓይን አንተ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ «አይጠጣም፣ ጌታዬ፤ እንዲጠጣ አልሠራነውም» በል። ጭብጨባው ይቅርብህ። እኔ የተቀበልኩት ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሥራህን ያቅናልህ። ከክፉ ይጠብቅህ፤ አንተም ሰውን ከክፉ ጠብቅ። እናትህ ሌሊት የምትነሳለት ውሃ ቀን እንዲመጣላት አንዲት ጄሪካን እንኳ መልሰህ ለማየት ያብቃህ።

አሁን ላፕቶፑን ክፈት። ፓምፑን ኋላ ታሳየኛለህ፤ መጀመሪያ የቧንቧውን ቀለም አሳየኝ።